ከጣሳው አፍ በላይ ያለው

ስልሳ ከአምሳ በዐሥር ይበልጣል። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። አባዬን ያሰሩትም በዚሁ ዐሥር ነው።

አባዬ ግንበኛ ነው። ከመካነ ሰላም ወረድ ብሎ፣ ምንጩ ካለበት ተዳፋት ላይ፣ ክብ የድንጋይ የውሃ ገንዳ የሠራው እሱ ነው። በክፉው ቀን ከቆላው ተሰደው የወጡ ሰዎች እዚያው ምንጩ ዙሪያ ሰፍረው ነበር። ውሃው በሰውና በከብት እግር ተቦክቶ ከረኀብ የተረፈውን ተቅማጥ ሲወስደው ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ ዝናብ ተመልሶ፣ የርዳታ ሲሚንቶ በጭነት መኪና ከደሴ ሲመጣና ገንዳው ሲጀመር፣ አገሩ ሁሉ እንደ ነፍሰ ጡር ነው የጠበቀው። «ስንት ክንድ ደረሰ?» እየተባለ ከገበያ ይጠየቅ ነበር።

ገንዳው አልቆ፣ ውሃ ሊገባበት እስኪደርቅ ሲጠበቅ፣ መንግሥት ወደ ገጠር የላካቸው ተማሪዎች፣ ዘማቾቹ፣ መጡ። ከመካከላቸው አንዱ በዩኒቨርሲቲ ምህንድስና የሚማር ነበር። ቀጭን ነው፤ ካኪ ይለብሳል፤ ትልልቅ ሰዎች «አንቱ» ሲሉት «አንተ በሉኝ፣ አንቱ ቀርቷል» እያለ ይለምናቸዋል። አዲስ የተቋቋመው ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ዘማቹን ጠርቶ፣ «የሕዝብ ንብረት ነውና ለካልኝ» አለው። ዘማቹም ሜትሩን ይዞ ገንዳውን ዞረው፤ ወርዱን፣ ቁመቱን፣ የግድግዳውን ውፍረት ለካ። ሠራና ሠራና፣ «አምሳ ከረጢት ሲሚንቶ ይበቃዋል» አለ።

የመጣው ስልሳ ነበር። ግምጃ ቤቱ ባዶ ነው።

«ዐሥሩ የት ገባ?» አለው ሊቀመንበሩ አባዬን።

«ግንቡ ውስጥ» አለ አባዬ።

«ግንቡ አምሳ ነው የሚበላው ተባለ እኮ!»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ስልሳ አቀረባችሁለት፣ ስልሳ በላ።»

ሰው ሳቀ። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፤ ትሰፈራለህ» አለና፣ የባላባቱ ጎተራ ወደነበረው የድንጋይ ቤት አስገብቶ ቆለፈበት። ቀጥሎ የሚመጣው የጭነት መኪና ሲመለስ አባዬን ይዞ ደሴ ይወርዳል ተባለ። ወረቀቱ ላይ የሚጻፍለት ቃል «አሻጥረኛ» ነው። ያን ጊዜ ይህ ቃል አዲስ ነበር፤ አፍ ውስጥ ገና ይሻክር ነበር። ግን ቃሉን ተሸክመው ደሴ ከወረዱት መካከል ተመልሶ ያየነው ሰው አልነበረም።

እኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ።

መኪናው የሚመጣበት ቀን አይታወቅም ነበር። በአቀስታ በኩል ያለው መንገድ በበልጉ ዝናብ ጭቃ ሆኗል፤ ሾፌሩ ያድራል፣ ይውላል። እማዬ መኪናው እንዲቀር ለማርያም ትሳላለች፤ ወዲያው ደግሞ፣ «ስንዴ ነው የሚያመጣው እኮ፣ ይቅር ብዬ የሰው ጉሮሮ ልዝጋ?» ትልና ስለቷን ትመልሳለች። እኔ ስለት አልተሳልኩም። የእኔ ልመና ሌላ ነበር። ያ ዘማች ስሌቱን እንዲሳሳት ነበር የምጸልየው።

ለምን አይሳሳትም? እኔም እኮ የሲሊንደር ይዘት መሥራት ተምሬያለሁ። ራዲየሱን በራሱ ታባዢዋለሽ፣ በፓይ ታባዢዋለሽ፣ በቁመቱ ታባዢዋለሽ። አለቀ። ገንዳው ማለት አንድ ትልቅ ሲሊንደር ነው፤ ከሆዱ ውስጥ አንድ ትንሽ ሲሊንደር ወጥቶለታል። ትልቁን ሠርተሽ ትንሹን ስትቀንሺ የሚቀርሽ ግድግዳው ነው። ይህ ነገር ክፍል ውስጥ ሲነገረን ከሁሉ የወደድኩት ነበር። ሌላው ሁሉ ቁጥር ነው፤ ይኼ ግን የሚዳሰስ፣ ውሃ የሚይዝ ቁጥር ነው።

ደብተሬ ላይ ቦታ ስላልነበረኝ ከሰል አንሥቼ ከቤታችን ጓሮ፣ እማዬ ለበዓል ብላ በነጭ አፈር ከለቀለቀችው ግድግዳ ላይ መሥራት ጀመርኩ። ገንዳው ከውጭ ወደ ውጭ አራት ሜትር ነው፤ አባዬ ሲሠራ ገመዱን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ከውስጥ ወደ ውስጥ ሦስት ሜትር። ቁመቱ ሁለት። አራት በአራት ዐሥራ ስድስት። ሦስት በሦስት ዘጠኝ። ሲቀናነስ ሰባት። ሰባት በፓይ፣ በሁለት... አርባ አራት ሜትር ኩብ ሊሞላ ትንሽ ጎደለው!

ዘማቹ ግድግዳው ዐሥራ አንድ ሜትር ኩብ ነው ማለቱን ሰምቼ ነበር።

«ልጅቷ ግድግዳዬን ምን አደረገችው!» ብላ እማዬ ከኋላዬ ስትጮህ፣ ዘልዬ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። «ተሳስቷል! እማዬ፣ ተሳስቷል! አርባ አራት ነው! ስልሳም አንሶታል!» አልኳት። ከሰሉን ትታ አለቀሰች።

ወደ ዘማቾቹ ሰፈር ሮጬ ነው የወጣሁት። ዘማቹ ካልሲውን እያጠበ ነበር። ቁጥሮቼን በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። እጁን በሱሪው ጠረገና እንጨት አንሥቶ መሬት ላይ ክብ ሠራልኝ።

«ራዲየሱን አሳዪኝ» አለኝ።

ከዳር እስከ ዳር አሰመርኩ። መስመሩን ገና ሳልጨርሰው ምን እንዳደረግኩ ገባኝ። ራዲየስ ማለት ግማሹ ነው! ከመካከል እስከ ዳር። እኔ ያባዛሁት ወርዱን ነው። እንጨቱን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«አይዞሽ» አለኝ ዘማቹ። «የእጥፍ ካሬው አራት እጥፍ ነው። አርባ አራትን ለአራት አካፍዪው።»

ዐሥራ አንድ።

«ወለሉንም፣ ልስኑንም ብትሠሪው ያው አምሳ ይመጣልሻል» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔም ደግሜ ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ። ተሳስቼ ቢሆን ደስ ባለኝ» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ዓይኑ ያስታውቃል። ግን የእሱ ማዘን ለእኔ ምን ይጠቅመኛል? አሁን አባቴ ጥፋተኛ መሆኑን በገዛ እጄ አረጋገጥኩ ማለት ነው።

ስመለስ በጎተራው በኩል አለፍኩ። ግድግዳው ላይ እጅ የማታስገባ መስኮት አለች። አባዬ ኮቴዬን ለይቶ፣ «አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ስሌት እየሠራች ነው አሉኝ። ምን አገኘሽ?»

«ገና እያየሁት ነው» አልኩት።

 ውሸቴን እንዳወቀው አውቃለሁ፤ ግንበኛ የተዛባ ነገር ሳያይም ያውቃል። «እንግዲህ ቁጥሩም አይዋሽ ይሆናል» አለኝ። «እኔም አልዋሸሁም። ሁለታችንን አስታርቂን።»

እንዴት አድርጌ? ሌሊት ዓይኔን ጨፍኜ ከረጢቶቹን አያለሁ፤ ቀን ሰው ባነጠሰ ቁጥር መኪና የመጣ ይመስለኛል። አንድ ሰው ከሰፈራችን «አባትሽ እኮ ዝምተኛ ነው፤ ዝምተኛ ሰው...» ብሎ ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ሄደ። ያላለቀ ዐረፍተ ነገር ካለቀው ይልቅ እንደሚያም ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ከዚህም ብሶ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ እጽፈዋለሁ። ዐሥሩን ከረጢት እውነት ሸጦት ቢሆንስ? በክፉው ቀን የበላነው ስንዴ ከየት ነው የመጣው? እንዲህ ብዬ አስቤ እማዬን በዓይኔ እንኳ ሳላያት ውሃ ልቀዳ ብዬ ወጣሁ። ስንዴውን ስንበላ ሲሚንቶው ገና እንዳልመጣ ትዝ ያለኝ ምንጩ ጋ ከደረስኩ በኋላ ነው። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁም አለቀስኩም።

ነገሩ የተከፈተልኝ በጎረቤታችን ነው። ከእማዬ አንድ ጣሳ ዱቄት ተበድራ ነበርና ልትመልስ መጣች። እማዬ ያበደረቻት ቆልላ ነው፤ ሴትዮዋም ስትመልስ ይበልጥ ቆልላ አመጣችው፤ ከጣሳው አፍ በላይ ዱቄቱ እንደ ጎጆ ክዳን ሾሎ ቆሟል። እየተንገዳገደች፣ እንዳይናድባት በእጇ እየጋረደች ገባች።

«ኧረ አበዛሽው፣ እኔ እንዲህ መቼ ሰጠሁሽ?» አለች እማዬ።

«ላጭቼ ልመልስልሽ? ምን አድርገሽኝ!» አለች ሴትዮዋ።

የመስፈሪያ ዕቃን አፍ በዘንግ ጠርጎ ከጠርዙ እኩል ማድረግን እኛ «መላጨት» ነው የምንለው። ለወዳጅ አይላጭም። የላጨ ሰው እንደ ሰደበ ይቆጠራል። ይህን አገር ያውቀዋል፤ እኔም ከተወለድኩ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ግን ያን ቀን ዱቄቱን ሳይ የታየኝ ዱቄት አልነበረም። ሲሊንደር ነው፤ አናቱ ላይ ደግሞ ሾጣጣ ተቀምጦበታል!

ወደ አባዬ ዕቃ ሮጥኩ። ሲሚንቶው የተሰፈረበት ጣሳ ከቱምቢውና ከመዶሻው ጋር ነበር። የርዳታ ወተት ዱቄት የመጣበት ሰፊ ክብ ቆርቆሮ ነው፤ አባዬ በመጋዝ አሳጥሮታል። አሸዋው የሚሰፈረው በሌላ ዕቃ ነበር፤ ሁለት ሰው በሚሸከመው የእንጨት ሳጥን። አባዬ ሳጥኑን የሠራው ልክ ሦስት ጣሳ እንዲይዝ አድርጎ ነው፤ አንድ ጣሳ ሲሚንቶ ለአንድ ሳጥን አሸዋ፣ አንድ ለሦስት። ሳጥኑ ሲሸከሙት ስለሚወዛወዝ የሚቆለል ነገር አይይዝም፤ አሸዋው ምን ጊዜም የተላጨ ነው። ጣሳውስ? ጣሳውን ገለበጥኩት። በውጭ በኩል፣ ከጠርዙ በታች፣ ሲሚንቶ ፈስሶ ደርቆበታል። ተላጭቶ የተሰፈረ ነገር በውጭ በኩል አይፈስም።

ሲሚንቶውን የሰፈሩት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቅዳሜ ገበያ እህል ሲሰፍሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሁሉም «ሰፋሪው» ነው የሚላቸው። በክፉው ቀን የሚሰፈር እህል ሲጠፋ ሥራ ፈትተው ነበርና፣ አባዬ ሲሚንቶ እንዲሰፍሩ አስገባቸው። ጣሳውን ይዤ ቤታቸው ስደርስ ከደጃቸው ቁጭ ብለው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል።

«አባባ፣ ሲሚንቶውን እንዴት አድርገው ነበር የሚሰፍሩት?»

«እንዴት ይሰፈራል? እንደ ሰው ነዋ።»

«ላጭተው ነው ቆልለው?»

መቁጠሪያው ቆመ። «ማነው የላከሽ?»

«ማንም። አባቴ ሊሄድ ነው።»

ጣሳውን ከእጄ ወስደው አገላበጡት። በኋላ የተናገሩት ለእኔ አይመስልም ነበር። «በክፉው ቀን መጀመሪያ ገበያው ላይ ጥቂት እህል ነበረ። ነጋዴው ላጭ አለኝ። ላጨሁ። አንዲት ከቆላ የመጣች ሴት፣ ‹አባቴ፣ ጫፏን እንኳ› አለችኝ። ነጋዴው ቆሟል፤ ላጨሁባት። ከዚያ ወዲህ ወላሂ በዚህ እጅ ሁለተኛ አልላጭም ብያለሁ።»

«ሲሚንቶ እኮ ነው አባባ! አይበላም!»

«እጅ ምን ያውቃል?» አሉኝ።

ደስታዬን እንዴት አድርጌ ልጻፈው! ከምድጃቸው አመድ አምጥተው ጣሳውን ሰፈሩልኝ፤ ያ እጅ ዙሪያውን እየደገፈ፣ እየነካ፣ ጫፉን እያሾለ። ሰንበሌጥ ከጫፉ ሰክቼ እስከ ጠርዙ ለካሁ፤ ቁልሉ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ነው። ጣሳው ራሱ ዐሥራ አምስት። ሾጣጣ ከሲሊንደር ሲሶ ነው፤ የዘጠኝ ሲሶ ሦስት። ራዲየሱ የሁለቱም አንድ ስለሆነ ማባዛት እንኳ አያስፈልግም፣ ፓይም ይቀራል! ሦስት ለዐሥራ አምስት። አንድ አምስተኛ! አምስት ጣሳ በተሰፈረ ቁጥር ስድስተኛው ጣሳ ቁልል ሆኖ ሳይታይ ገብቷል። አምሳ ጣሳ ስልሳ ይሆናል። አምሳ ከረጢት ስልሳ! ዐሥሩ ተገኘ። ግንቡ ውስጥ ነው። አባዬ እንዳለው።

ስዘል ሽማግሌው አብረውኝ አልሳቁም። «ይህን ስትናገሪ» አሉ፣ «እኔን መናገርሽ ነው።»

ዝላዬ እዚያው ቀረ። አላሰብኩትም ነበር። አባቴን ሳወጣ በባዶው ቦታ እሳቸውን ላስገባ ነው።

«እኔም ሰው አለኝ፣ ልጄ» አሉኝ። «አልመጣም አልልሽም፤ እመጣለሁም አልልሽ። አላህ ያውቃል።»

ጣሳዬን አቅፌ ሄድኩ።  ማታ ለእማዬ አልነገርኳትም። ብነግራት «ንገሪ» ነው የምትለኝ፤ ያ ደግሞ ይበልጥ ያስፈራኝ ነበር።

በማግስቱ መኪናው መጣ። ከሩቅ ከገደሉ ወዲያ ሲያቃስት ሰማነው፤ እማዬ እጇ ላይ የነበረውን ሽሮ ደፋችው። ስንዴው እየተራገፈ ገበሬ ማኅበሩ ግቢ ሰው ተሰበሰበ። አባዬን አወጡት፤ ጢሙ አድጎ ሌላ ሰው መስሏል። ሽማግሌው የሉም።

ዘማቹን ቀድሜ ነግሬው ነበር። «ራስሽ ተናገሪ፤ እኔ ከተናገርኩ የእኔ ስሌት ይሆናል» ብሎኝ ነበርና፣ ሊቀመንበሩ «ማነው የሚናገር?» ሲል ገፋ አደረገኝ። በሕይወቴ ከሰው ፊት ቆሜ አላውቅም። 

«ሲሚንቶው የተሰፈረው በቁልል ነው። ቁልል ሾጣጣ ነው። ሾጣጣ ደግሞ ከጣሳው ሲሶ...»

«ምን? ምን አልሽ?» አለ ሊቀመንበሩ ብድግ ብሎ።

«ሲሶ።»

«ሲሶ ተሽሯል! ሲሶ፣ እርቦ፣ እኩል የሚባል ቀርቷል! ሬዲዮ አትሰሚም? ዛሬም ለባላባት ሲሶ ልትከፍሉ ኖሯል?»

«የመሬት አይደለም... የጣሳ ሲሶ ነው!»

«ለጣሳም ቢሆን!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሾፌሩ እንኳ ከመኪናው ላይ ሆኖ ሳቀ። እኔ ግን እንባዬ መጣ፤ አባዬ ላይ የሚደርሰው ነገር በአንድ ቃል ሊወሰን ነው። ያን ጊዜ ዘማቹ ተነሥቶ፣ «ሊቀመንበር፣ አንድ ሦስተኛ ማለቷ ነው፤ ይህ ሲሶ በአዋጅ አይሻርም» አለና አስቀመጠው። «በዓይናችን እንየው። ቆልለን እንሙላ፣ እንላጭ፣ የተላጨውን በገበቴ እናጠራቅም። የአምስቱ ቁልል አንድ ጣሳ ከሞላ እውነቷን ነው።»

«ማን ይሰፍራል?» አለ ሊቀመንበሩ።

 እኔ መሬት መሬት አየሁ። ስማቸውን ልጥራ? አፌ ሊከፈት ነበር፤ ምን ይወጣው እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ምክንያቱም ከበሩ በኩል፣ «ጣሳዬን የያዘው ማነው?» የሚል ድምፅ መጣ። ሰፋሪው ናቸው። ዱላቸውን ለአንዱ ሰጥተው፣ ማንንም ሳያዩ መካከል ገብተው ቁጭ አሉ። «ሲሚንቶውን የሰፈርኩ እኔ ነኝ። ምን ይሰፈር?»

«አመድ» አልኩ።

«በሕዝብ ስብሰባ ላይ አመድ?» አለ ሊቀመንበሩ። «ከገንዳው የተረፈ አሸዋ ያውና። በአሸዋ ይሁን።»

እሺ አልኩ። ቀመሩ እኮ በምን እንደሚሞላ አይጠይቅም ብዬ!

ሽማግሌው አሸዋውን ሞሉ፤ ሊቆልሉ ሲሉ ተናደ። ደገፉት፤ ተናደ። እጃቸው የቻለውን ያህል ቢሰበስቡት ቁልሉ እንደ ተጋደመ ሰሐን ሆነ። ላጨሁት፤ የላጨሁት እፍኝ አይሆንም። ሁለተኛውም እንዲሁ፣ ሦስተኛውም። አምስቱ አልቀው የተጠራቀመው ጣሳው ውስጥ ሲገለበጥ ግማሽ እንኳ አልደረሰ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ሊቀመንበሩ ወደ አባዬ ዞረ፤ አባዬ ደግሞ እኔን አየኝ፤ አልተቆጣኝም። አለመቆጣቱ ገደለኝ።

«አሸዋ መቼ ይቆማል!» የሚል ጩኸት ከሴቶቹ መካከል ተነሣ። እማዬ ናት። በሰው ፊት ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። «ዱቄትና አሸዋ እኩል ይቆለላል ያላችሁ ማነው? እናንተ ወንዶች ዱቄት የምታውቁት ከተበላ በኋላ ነው!»

ዘማቹ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ልክ ናቸው። ሲሚንቶ እንደ ዱቄት ነው፤ ሾጥጦ ይቆማል። አሸዋ ይንሸራተታል። አመድ ይምጣ!»

ሴቶቹ ሳይታዘዙ ሄደው ነበር። ከየቤቱ አመድ በገበቴ፣ በእንቅብ፣ በነጠላ ሳይቀር መጣ። ሽማግሌው እንደገና ጀመሩ። አመዱ ቆመ። ያ እጅ ዙሪያውን ደገፈ፣ ነካ ነካ አደረገ፣ አሾለ። እኔ በማስመሪያዬ እየላጨሁ ወደ ገበቴ አዛውራለሁ። ነፋስ ነበር፤ ጫፍ ጫፉን እየነጠቀ ፊታችን ላይ ይበትነዋል። አንድ። ሁለት። ሦስት።  አራት። አምስተኛውን ላጭቼ፣ ጣሳውን ባዶ አድርጌ የተጠራቀመውን ስደፋበት ለማየት ፈራሁና ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ሞላ!» አለ አንድ ሰው።

«አልሞላም» አለ ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ። ጣቱን ከጠርዙ ወደ ውስጥ አስገባ። «አንድ ጣት ጎድሏል።»

«የጎደለውን ነፋሱ ወስዶታል» አሉ ሰፋሪው አመዱን ከጢማቸው እያራገፉ። «ነፋሱን እሰረዋ!»

እንደዚያ ያለ ሳቅ ከክፉው ቀን ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። ሊቀመንበሩ ላለመሳቅ ሲታገል ከንፈሩ ከዳው። ዘማቹን ጠርቶ ወደ ጥግ ወሰደው፤ ተነጋገሩ፤ ዘማቹ ብዙ ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። ሾፌሩ መልሶ ጥሩምባ ነፋና፣ «የሚሄድ ሰው አለ ወይስ የለም? መንገዱ ሊመሽብኝ ነው!» አለ።

«የለም፤ ሂድ» አለ ሊቀመንበሩ።

ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ድምፁን ከፍ አደረገ። ከዛሬ ጀምሮ በማኅበሩ ግቢ የሚሰፈር ሁሉ፣ ሲሚንቶም ይሁን ስንዴ፣ ተላጭቶ ይሰፈራል። ሰፋሪው ደግሞ መስፈሪያ ዕቃ እንዳይነኩ። አዲስ የመጣው ስንዴ ከኋላው ተከምሮ ነበር። ሳቁ እንደ ተቆረጠ ቀረ። ሽማግሌው ዱላቸውን ተቀብለው፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ገላገላችሁኝ» አሉ። እኔ ግን ከአጠገባቸው ነበርኩ፤ እጃቸው አየር ላይ ምንም ያልያዘውን ነገር ሲደግፍ አየሁት። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «ሒጂ፣ አባትሽን ይዘሽ ሒጂ» ብለው ተንተባተቡና ሄዱ።

ወደ ቤት ስንወርድ እማዬ ቀድማ ሮጠች፤ እሳቱን ትታው ነው የወጣችው። አባዬ ጎተራው ውስጥ ተቀምጦ እግሩ ስለደነዘዘ በዝግታ ይሄዳል።  ከገንዳው በላይ ስንደርስ ቆም ብሎ ግድግዳውን ካየ በኋላ፣

«ለምን ሲሶ ሆነ?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ቁልሉ። ግማሽ ለምን አልሆነም? ስታይው ግማሽ ነው የሚመስለው።»

  መምህሩ ሰሌዳው ላይ ጽፎታል፣ እኛ ገልብጠናል፣ ፈተና ላይ መልሰናል። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀ፣ ማንም አልነገረን።

«ተብሎ ነው» አልኩት።

«ተብሎ?»

«አዎ።»

«በተባለ ነገር ነው ከዚያ ሁሉ ሰው ፊት የቆምሽልኝ?»

እየሳቀ ነበር፤ ግን ይህን ሲለኝ መንገዱ ዳር ቁጭ አልኩ። ስብሰባው ላይ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም። ሾጣጣው እውነት ሲሶ ባይሆን ኖሮስ? መኪናው ወደ አቀስታ ሲወጣ ማርሽ ሲቀይር ገና ይሰማል። አባዬ ሊያነሣኝ እጁን ሲዘረጋልኝ፣ እጄ እስከ ክርኑ አመድ እንደሆነ አየሁ፤ ቀሚሴ ላይ ጠረግሁትና ያዝኩት።